ባሕር ያላየው ጋዝ

ቦሌ የምንኖር ሰዎች ለእንግዳ የማንነግረው ምስጢር አለን። ከሰል እንገዛለን። አዎ፣ ያ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ዘበኛው ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሊፍት ያለው (ሲሠራ) አፓርታማ በረንዳው ላይ የከሰል ምድጃ አለው። መብራት ሲጠፋ፣ ሲሊንደሩም በዚያው ሰሞን ካለቀ፣ ደረጃውን ወርደን ከአስፋልቱ ገባ ብላ ከምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ እንሄዳለን። «እናቴ፣ ከሰል አለ?» እንላለን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እሷ ግን ምስጢር አትጠብቅም። «በፌስታል ነው ወይስ ማዳበሪያውን በሙሉ?» ትላለች፣ ሰፈሩ እየሰማ።

ማዳበሪያ ስትል ጆንያውን ማለቷ ነው። በአዲስ አበባ አማርኛ «ማዳበሪያ» ይዘቱም መያዣውም ነው። በጂቡቲ ወደብ በኩል ዩሪያ ተሸክሞ የገባ ነጭ ከረጢት፣ ገበሬው ማሳው ላይ ካራገፈው በኋላ፣ ከሰል ተሞልቶ ወደ እኛ ይመጣል። ይህችን ከረጢት አደራ አትርሷት፤ መጨረሻ ላይ ታስፈልገናለች።

ይህን ጽሑፍ የወለደው እንዲህ ያለ አንድ የከሰል ምሽት ነው። መስከረም 22 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 2025፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሶማሌ ክልል፣ ካሉብ በተባለ ቦታ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻውን የመጀመሪያ ምዕራፍ መረቁ። እኛ ምድጃ እያራገብን ዜናውን በስልካችን እናያለን። ከመካከላችን አንዱ «ጋዝ ተገኘ እንዴ?» አለ። ሌላው ቀና ሳይል «ይሄ ጋዝ ስንት ጊዜ ነው የሚገኘው?» ሲል መለሰለት። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። እውነትም፣ ስንት ጊዜ ነው? ቁጭ ብለን ቆጠርን። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንቆጥራለን። ውሎቹ ሁሉ የተፈረሙት በእነሱ ቀን ስለሆነ አንጣላም።)

ስለየትኛው ጋዝ ነው የምናወራው?

በእኛ ከተማ ሦስት ጋዝ አለ። አንደኛው እናቶቻችን ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉለት «ነጭ ጋዝ» ነው። እሱ ስሙ እንጂ ጋዝ አይደለም፤ ኬሮሲን ነው። ሁለተኛው በሲሊንደር የሚመጣው ነው። ቡቴን እና ፕሮፔን የሚባሉት ጋዞች መጠነኛ ግፊት ሲያገኙ ፈሳሽ ስለሚሆኑ በብረት ዕቃ ታሽገው በፒክአፕ ተጭነው ቤት ድረስ ይመጣሉ። ሦስተኛው ካሉብ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን ነው።

ሚቴን ግትር ነው። በክፍል ሙቀት የቱንም ያህል ብትጨምቁት ፈሳሽ አይሆንም። ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሲቀዘቅዝ ነው። ያኔ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የተፈጥሮ ጋዝ ያገኘ አገር ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ በቧንቧ እስከ ገዢው ደጅ ይወስደዋል፣ ወይ አቀዝቅዞ በመርከብ ይጭነዋል።

የሁለተኛው ምርጫ ቤቱ ባሕር ዳር ነው። ከጉድጓዱ የመጣው ቧንቧ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ይቆማል። ፋብሪካው መጀመሪያ ከጋዙ ውስጥ ውኃውን እና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወጣል፤ ካልወጡ በቅዝቃዜው በረዶ ሆነው ቧንቧውን ይደፍኑታል። ቀጥሎ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ፈሳሹ ወደ ግዙፍ ታንኮች ይገባል። የታንኮቹ ሥራ ለአዲስ አበባ ልጅ ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ፔርሙዝ ናቸው። የመንገድ ቡና ሻጯ ፔርሙዝ ሙቀት እንዳይወጣ ይጠብቃል፣ የእነሱ ሙቀት እንዳይገባ። የቱንም ያህል ቢጠበቅ ግን ትንሽ ትንሽ እየፈላ ወደ ጋዝነት መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ መርከቧ በሰዓቷ መድረስ አለባት። ጉድጓዱ፣ ቧንቧው፣ ፋብሪካው፣ ታንኩ፣ መርከቧ እና ከባሕር ማዶ ያለው ገዢ አንድ ላይ ካልተሰለፉ አንዱም አይሠራም።

የመጀመሪያዋ ፈሳሽ ጋዝ የጫነች መርከብ ውቅያኖስ የተሻገረችው በ1959 ነው፤ ከአሜሪካ ሉዊዚያና ወደ እንግሊዝ። በ1964 ደግሞ አልጄሪያ አርዜው በተባለው የባሕር ዳር ከተማዋ የዓለምን የመጀመሪያ የንግድ ማምረቻ ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ያገኘ የአፍሪካ አገር ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ባሕሩ የት ነው?» ሆነ። የእኛም ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ውሉ ከነዳጁ ይቀድማል

በ1945 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሲንክሌር ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ነዳጅ እንዲፈልግ የ50 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ልብ በሉ፣ በዚያ ዓመት ኦጋዴንን የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ጦር ነበር። ጣሊያን ከተባረረ አራት ዓመት አልፎታል፣ እንግሊዞቹ ግን ከምሥራቅ አልወጡም። ኦጋዴንን የመለሱት በ1948 ነው፤ ሐውድን እና አብረውት የያዙትን ቀሪ መሬት ደግሞ በ1955።

እንግዲህ ንጉሡ በእጃቸው በሌለ መሬት ላይ የነዳጅ ፈቃድ ሰጡ ማለት ነው። ሞኝነት ይመስላል፤ አይደለም። ወረቀቱ ለእንግሊዝ «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ተከራዩም አሜሪካዊ ነው» የሚል መልእክት ነበረው። ሲንክሌር ጉድጓድ ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን ነዳጅ ሳያገኝ በ1950ዎቹ ወጣ። ወረቀቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። የኦጋዴን ነዳጅ ገና ጠብታ ሳይወጣው የድንበር ማስረጃ ሆነ። ከዚያ በኋላም ከድንበር ጉዳይ ተላቆ አያውቅም።

ጋዝ በእርግጥ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ መጀመሪያ ካሉብ፣ ቀጥሎ ሂላላ ላይ ቆፍሮ ጋዝ አገኘ። ቦታው ሺላቦ አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያኔ ኢትዮጵያ ባሕር ነበራት። አሰብ ላይ ሶቪየቶች የሠሩት ነዳጅ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምሮ ነበር። ሆኖም ካርታው ላይ ማስመሪያ አስቀምጡና እዩት። ከካሉብ ለሚነሳ ሰው አሰብ ሩቅ ናት። ቅርቡ ባሕር ወይ በርበራ ነው፣ ወይ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ። ሁለቱም ያኔ የሶማሊያ ነበሩ። ሶማሊያ ደግሞ ኦጋዴንን ራሱን ትፈልገው ነበር።

በ1974 አብዮቱ መጣ። በ1977 የሶማሊያ ጦር ገባ። ቴኔኮ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1980ዎቹ ሶቪየቶች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፤ ቴኔኮ ያገኘው ጋዝ መኖሩንና ምን ያህል መሆኑን አረጋገጡ። ለብዙ ዓመታት በየሰነዱ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር ለካሉብ እና ለሂላላ በድምሩ 4 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ገደማ ነው፤ በሜትር 113 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል። ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፣ እኛም ባሕር አልባ። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ። በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲከፈት የአሰብ መንገድም ተዘጋ፤ ቦቴዎቻችን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጂቡቲ አዞሩ።

አንድ ጊዜ ብቻ

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ልዩ ምዕራፍ አለ፤ ብዙዎቻችን ያኔ ሕፃናት ስለነበርን አናስታውሰውም። በ1994 የዓለም ባንክ ለካሉብ ጋዝ ልማት ከ74 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር አጸደቀ። ካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር የተባለ ድርጅትም ተቋቋመ።

የዚህ ዕቅድ ልዩነቱ ባሕር አለመፈለጉ ነው። ሐሳቡ ከካሉብ ጋዝ ውስጥ በሲሊንደር የሚሸጠውን ዓይነት ለይቶ አውጥቶ በመኪና ወደ አገር ውስጥ ከተሞች ማምጣት ነበር፤ የማገዶውን እና የከሰሉን ጫና እንዲያቀል። በአጭሩ፣ የካሉብ ጋዝ ለእኛ ምድጃ ታስቦ ነበር። ቢሳካ ኖሮ ዛሬ «እናቴ፣ ከሰል አለ?» ባላልን።

አልተሳካም። አሥር ዓመቱ ሳያልቅ መንግሥት ፊቱን ወደ ትልልቅ ኩባንያዎችና ወደ ትልልቅ ቁጥሮች አዞረ። በ1999 ሲኮር ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የ1.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ተባለ። ጋዜጦች በትልቁ ጻፉት። ከዜናው አልዘለለም።

ባሕር አልባው ጋዝ ለአንድ አፍታ ወደ ውስጥ ዞሮ አየን፤ ወዲያው ዐይኑን መለሰ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት 2007

2007 ለቦሌ ልጅ ምን ነበር? ሚሊኒየም ነበር። አዳራሹ እየተገነባ፣ ባንዲራው እየተሰቀለ፣ ኮንሰርቱ እየተወራ። መስከረም ሲጠባ አዲስ ሺህ ዓመት ውስጥ ሆነን ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ ጨፈርን።

በዚያው ዓመት፣ ኤፕሪል 24 ቀን ጎሕ ሲቀድ፣ በሶማሌ ክልል አቦሌ በሚባል ቦታ የነበረ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ጥቃት ደረሰበት። ካምፑ የቻይናው ሲኖፔክ እህት ኩባንያ የሆነው የጆንግዩዋን ነዳጅ ፍለጋ ድርጅት ነበር። 74 ሰው ሞተ፤ 65ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 9ኙ ቻይናውያን። ኃላፊነቱን የወሰደው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር፣ ኦብነግ፣ ነበር። ግንባሩ «የሕዝባችን ሀብት ያለ ፈቃዳችን አይወጣም» ባይ ነበር። መንግሥት በአጸፋው ሰፊ ዘመቻ ከፈተ። መንደሮችና መንገዶች ተዘጉ፣ ንግድ ቆመ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መንደሮች ስለመቃጠላቸውና ሰዎች ያለ ፍርድ ስለመገደላቸው ዘገቡ።

ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን? እውነቱን እንናገር። ቁጥሩን ሰምተን «አቤት!» ብለን፣ ማኪያቷችንን ጨርሰን ሄድን። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ተራ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ አንድም ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ሳያዩ ሞቱ። ጋዙ ለእኛ ዜና ነበር፤ ለእነሱ ሞት ሆነ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት የተለያዩ 2007ዎች ነበሩን።

ደመርጆግ የተባለች ሕልም

ኩባንያዎቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። በ2007 የማሌዥያው ፔትሮናስ ካሉብን እና ሂላላን ተረከበ፤ በ2010 ወጣ። በ2011 ፔትሮትራንስ የተባለ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ፈረመ፤ በ2012 ውሉ ተቋረጠ። በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል መጣ። በዚህ ጊዜ ሕልሙ የባሕር ዳር አድራሻ አገኘ፤ ደመርጆግ።

ደመርጆግ ከጂቡቲ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር በሚወስደው የባሕር ዳርቻ ላይ ናት። በ2017 ኩባንያው ከጂቡቲ መንግሥት ጋር የ4 ቢሊዮን ዶላር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። ጋዙ በቧንቧ መጥቶ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ እዚያ ይከማቻል፣ እዚያ መርከብ ላይ ይጫናል፣ ቻይና ይሄዳል። ፋብሪካው በመጀመሪያ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን፣ ኋላ 10 ሚሊዮን ቶን ያወጣል። በ2018 ሰኔ ላይ ሂላላ የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ማውጣት ተጀመረ ተብሎ በቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ መንግሥት እና ኦብነግ አስመራ ላይ ሰላም ፈረሙ። በ2019 ኢትዮጵያ እና ጂቡቲ በ767 ኪሎ ሜትሩ የቧንቧ መስመር ላይ ስምምነት አደረጉ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የተሰለፈ መሰለ።

እስቲ እኛም ካልኩሌተር እናውጣ። 1 ሚሊዮን ቶን ፈሳሽ ጋዝ ለማምረት 48 ቢሊዮን ኪዩቢክ ፊት ያህል ጋዝ ያስፈልጋል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ቢመረት 4 ትሪሊዮኑ ከ25 ዓመት በላይ ይበቃል። ደህና ነው። 10 ሚሊዮን ቶን ሲባል ግን ከ8 ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ጉድጓዱ ያልቃል። በ2022 ኔዘርላንድ ሱወል የተባለ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ክምችቱ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት መሆኑን አረጋገጠ ተባለ። ያም ቢሆን በ10 ሚሊዮን ሒሳብ 15 ዓመት አይሞላም። ለማነጻጸር ያህል፣ የሞዛምቢክ ሮቩማ ተፋሰስ ከ100 ትሪሊዮን በላይ ነው የሚባለው። ከጎረቤት ሰርግ ለማነስ ባለመፈለግ የተደገሰ ድግስ ይመስላል።

ሞዛምቢክን ካነሳን አይቀር፣ ባሕር ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነም የምታስተምረን እሷው ናት። ጋዟ ባሕሩ ውስጥ ነው፤ ወደብ ፍለጋ ማንንም መለመን የለባትም። ሆኖም በማርች 2021 ታጣቂዎች ፓልማ የተባለችውን ከተማ ወረሩ፤ የፈረንሳዩ ቶታል አጠገቧ ይሠራ የነበረውን ትልቅ የጋዝ ማምረቻ ለዓመታት አቆመ። የካቦ ዴልጋዶ ወጣቶች ብስጭት ለዐመፁ ማገዶ ከሆኑት ነገሮች አንዱ «ሀብቱ ከእኛ፣ ገንዘቡ ለሌላ» የሚለው ስሜት ነበር። ይህን ስሜት አቦሌ ላይ ሰምተነዋል።

ደመርጆግ የተባለው ፋብሪካ አልተሠራም፤ 767 ኪሎ ሜትሩ ቧንቧም አልተቀበረም። በ2022 ማዕድን ሚኒስቴር ከኩባንያው ጋር የነበረውን ውል ማቋረጡን አስታወቀ። ከ1945 እስከ 2022፣ 77 ዓመት፤ ባሕሩ ዘንድ የደረሰ አንድም ጭነት የለም።

አንዲት መርከብ የማይሞላ ዓመት

ታዲያ በ2025 የተመረቀው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ጎልደን ኮንኮርድ የተባለው የቻይና ቡድን፣ የቀድሞው ፖሊ ጂሲኤል ግማሽ አካል፣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካውን ወደ ባሕሩ ከመውሰድ ይልቅ ካሉብ ራሷ ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆመው። ጋዙ እዚያው ፈሳሽ ይሆናል፣ በልዩ ቦቴ ይጫናል፣ በመንገድ ይጓዛል። የባሕር ዳር ፋብሪካው ያለ ባሕር ተወለደ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ዓመታዊ አቅም 111 ሚሊዮን ሊትር እንደሆነ ተገልጿል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን አሁንም ካልኩሌተሩ እዚሁ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሚቴን ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ስለዚህ 111 ሚሊዮን ሊትር 50,000 ቶን ገደማ ነው። ደመርጆግ በመጀመሪያ ታመርታለች ከተባለው 60 ጊዜ ያንሳል። በሌላ ስሌት፣ ዛሬ ባሕር ላይ የሚሄዱት መደበኛ የፈሳሽ ጋዝ መርከቦች እያንዳንዳቸው 170 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይጭናሉ። የካሉብ የአንድ ዓመት ምርት አንዷን መርከብ እንኳ አይሞላም። አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ቢጭን ግን በቀን ሰባት ያህል ቦቴ ይሆናል። ለመርከብ ኢምንት ነው፤ ለመንገድ፣ ለፋብሪካ፣ ለከተማ ግን ትርጉም አለው።

ለዚህ ነው ይህን ምርቃት ከቀደሙት ዜናዎች የምንለየው። መጠኑ ለውጭ ንግድ ትንሽ ስለሆነ፣ ሳይወድ በግድ ወደ አገር ውስጥ ያያል። በዚያው ቀን የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራ ተጀመረ፤ አቅሙ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው ተብሏል። ጎዴ ላይም ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር የሚሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ መሠረት ተጣለ፤ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። የዩሪያ ጥሬ ዕቃ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሚቴኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየር ናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ዩሪያ ይሆናል፣ ዩሪያው ከረጢት ይገባል። እስካሁን ይህን ሁሉ የምንገዛው ከውጭ ነው፤ በዶላር፣ በጂቡቲ በኩል።

እኛ የመሠረት ድንጋይ ስናይ አናጨበጭብም፤ ከላይ የቆጠርነው ታሪክ አይፈቅድልንም። ግን ጥያቄው መለወጡን ልብ በሉ። ከ50 ዓመት በላይ የጠየቅነው «ይህ ጋዝ እንዴት ባሕር ይደርሳል?» ብለን ነው። በ1994 ለአንድ አፍታ፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛ «ይህ ጋዝ እንዴት እኛ ዘንድ ይደርሳል?» አልን። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ስለ ቀይ ባሕር፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ስለ ሶማሌላንድ ስምምነት ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርን እኛ፣ ባሕር የማይፈልገውን መንገድ የረሳነው በአቅም ማነስ ብቻ አይመስለንም። ባሕር ያኮራል፤ መርከብ ፎቶ ላይ ያምራል። ምድጃ ግን የቤት ጉዳይ ነው።

ቦሌ ሚካኤል

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ቦሌ ሚካኤል ሄድን። ሩቅ አይደለም፤ ከመስታወት ሕንፃዎቹ በታክሲ ትንሽ ነው። ግን የሶማሌ ወገኖቻችን የሰፈሩበት ስለሆነ ቋንቋው፣ ሽታው፣ ሻዩ ሌላ ነው። አንድ ምግብ ቤት ገብተን ሩዝ በፍየል ሥጋ አዘዝን። አጠገባችን ጺማቸውን ሂና የተቀቡ አዛውንት የግመል ወተት የገባበት ሻይ ይጠጣሉ። ወሬ ጀመርን። ትውልዳቸው ከቀብሪደሃር ወዲያ እንደሆነ ሲነግሩን ደስ አለን፤ ምንጭ አገኘን ብለን።

«አባቴ፣ ስለ ካሉብ ጋዝ ምን ይላሉ?» አልናቸው።

«የትኛው? የአሜሪካው ነው የሩሲያው?» አሉን። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«የአሁኑ፣ ባለፈው የተመረቀው» አልን። ከዚያ ያነበብነውን ሁሉ ዘረገፍንላቸው፤ ደመርጆግን፣ ቧንቧውን፣ መርከቧን፣ 111 ሚሊዮን ሊትሩን። በትዕግሥት ሰሙን። ሲበቃቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«እናንተ ልጆች ሁልጊዜ ከጉድጓዱ እስከ ባሕር ስንት ነው ትላላችሁ። ከጉድጓዱ እስከ ሺላቦስ ስንት ነው? ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ሌሊት ሰማዩ የሚቀላው በእሳቱ ነበር። የእናቴ ምድጃ ግን እንጨት ነበር። ዛሬም እንጨት ነው።»

መልስ አልነበረንም። የሳቸውን ሰፈር ሰዎች የሚያስጨንቀው ምድጃ ብቻ አለመሆኑንም እናውቃለን። በ2020 የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ በካሉብ አካባቢ ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ሰዎችን እየገደለ መሆኑን ሲዘግብ፣ ነዋሪዎች ከጋዝ ፕሮጀክቱ የሚወጣ ኬሚካልን ጠርጥረዋል፤ ባለሥልጣናት አስተባብለዋል። የሕመምተኛ ቤተሰብ «ተጣርቷል፣ ውጤቱም ይኸው» መባል ይገባዋል። «ሐሰት ነው» ብቻ አይበቃም።

ወደ ቤት ስንመለስ የቆጠርነውን ደገምነው። ጋዙ ለንጉሡ የድንበር ወረቀት ነበር። ለደርግ የጦር ሜዳ ነበር። ለኢሕአዴግ የኩባንያዎች ሰልፍ ነበር። ለእኛ ለቦሌዎች ዜና ነበር። ለአዛውንቱ ሰማዩን የሚያቀላ፣ ቤታቸውን የማያሞቅ እሳት ነበር። የጎደለው ባሕር ብቻ ነው ስንል ኖርን። ባሕር ቢኖረንስ ኖሮ? ጋዙ በሺላቦ ሰው ራስ ላይ አልፎ፣ በእኛም ከሰል ላይ አልፎ፣ ቻይና ይደርስ ነበር። እኛም ስለ ዶላሩ በጋዜጣ እናነብ ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ጋዝ ተገኘ» የሚል ዜና ሲመጣ፣ ከማጨብጨባችንም ከማሾፋችንም በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ ብለን ተስማማን። ሺላቦ ስንት ቤት ገባ? ከዚያስ ወዲህ ስንት ቤት ደረሰ? የባሕሩ ጥያቄ ሦስተኛ ይሁን። ተራውን ጠብቆ ይምጣ፤ ተራ መጠበቅ ከእኛ ይልመድ።

በነጋታው ምሽት መብራት ጠፋ። ወረድን። «እናቴ፣ ከሰል አለ?» አልን። ሴትዮዋ ከረጢቱን ገልበጥ ስታደርገው፣ ከጥቁሩ አቧራ ሥር የተጻፈው ታየን፤ ዩሪያ፣ 50 ኪሎ፣ ከባሕር ማዶ የተላከ። ያቺ አደራ ያልናችሁ ከረጢት ናት። አንድ ቀን እዚያ ጽሑፍ ቦታ ላይ «ጎዴ» የሚል እናነብ ይሆናል። ያኔም ግን ከረጢቱ ውስጥ ከሰል ካለ፣ ጋዙ ገና አልደረሰም ማለት ነው።